የኢታና የመጨረሻ ደብዳቤ

ሾዴን የሰው ወሬ ቶሎ አያሳምናትም። ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ቢምልላት እንኳ ክር መዝዛ በክብሪት ሳታቃጥል ጨርቅ አትገዛም።

እንዲህ ያደረጋት የታላቅ ወንድሟ ነገር ነው። ኢታና በባድመው ጦርነት ጊዜ ከቁስቋም ዘምቶ ቀረ። «ምሽግ ውስጥ ተሰዋ» የሚል ወረቀት መጣ እንጂ አስከሬን አልመጣም፤ መቃብሩ ይኸውና ያለም የለም። እናታቸው ፍትሐት ላስፈታ ቢሉ ሾዴ እምቢ አለች። ከወረቀቱ ቀድሞ የደረሳቸው ደብዳቤ የኢታና የእጅ ጽሑፍ አልነበረማ! ፊደሉ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ የተንጋደደ ነው።

«ሌላ ሰው ነው የጻፈው። የደበቁን ነገር አለ፤ ተማርኮ ይሆናል» አለች። እናትየው ደጅ ደጁን እያዩ ሞቱ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የሚያነክስ ሰው ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«ሸፊ እባላለሁ። ከኢታና ጋር አንድ ምሽግ ነበርን።»

ሾዴ መቀሷን ከእጇ አላስቀመጠችም። «ይሄን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ?»

«ጦርነቱ እንዳለቀ መጥቼ ነበር። እናታችሁ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። አፌ እምቢ አለኝ፤ ተመለስኩ።»

ይሄን ማንም ይፈጥረዋል አለች በሆዷ። የሟች ጓደኛ ነኝ እያለ ቤት ለቤት የሚዞር አታላይ እንዳለ ሰምታለች።

«በየትኛው እጁ ነበር የሚጽፈው?»

«በቀኙ።»

«ውጣልኝ!» ብድግ አለች። «ወንድሜ ግራኝ ነው!»

ሸፊ ንቅንቅ አላለም። «ግራኝማ ነበር። ግራ እጁን ፍንጣሪ መታውና ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ከዚያ በቀኙ መጻፍ ተለማመደ። እኔ ልጻፍልህ ስለው፣ ‹ሾዴ የሌላ ሰው ጽሑፍ ካየች አታምንም› አለኝ። መቁሰሉን ግን እናቱ እንዳይደነግጡ ብሎ አልጻፈውም።»

ሾዴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ሲሞት በዓይንዎ አይተዋል?»

«መድፍ ምሽጉን ደረመሰው። እኔን ጎትተው አወጡኝ፤ እሱ ላይ አፈሩ ተከመረ። በማግሥቱ ቦታውን ለቀን ወጣን። ዛሬ ብሄድ የቱ ጋ እንደሆነ አላውቀውም።»

ሾዴ ያኔም አላመነችውም። ስልክ ቁጥሩን ተቀብላ ሸኘችውና ሱቋን ዘግታ ቤቷ ገባች። ደብዳቤውን ከሣጥን አውጥታ መስኮት ሥር ዘረጋችው። ኢታና ስሟን ሲጽፍ የ«ዴ»ን ቀለበት ሳይዘጋ ይተው ነበር፤ በዚህ ሁልጊዜ ትስቅበት ነበር። በዚያ በተንጋደደው ጽሑፍ ውስጥ «ሾዴ» አራት ቦታ አለ። አንዱም ቀለበት አልተዘጋም።

«እማዬን በከንቱ ደጅ ደጁን አሳየኋት» አለች።

በሳምንቱ ቁስቋም ማርያም ፍትሐት ተፈታለት፤ የዕድሩም ድንኳን ተተከለ። ሾዴ ሸፊን ከዘመድ መሀል አስቀመጠችው። አንዲት ጎረቤት ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ደኅና አድርገሽ አጣርተሻል?» አለቻት።

«አጣርቻለሁ» አለች ሾዴ። ተነሥታም ሸፊ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።