ዝቅ ብሎ የጠበቀኝ የአባቴ ጦር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የመስቀል ሰሞን ነው። ቂም ቶሎ የምለቅ ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ቂሜ ሰው ስቶ እንደኖረ ስላወቅሁ አልረሳውም።

የምኖረው አርባ ምንጭ ነው። የተወለድኩት ግን ላይ ዶርዜ፣ አባቴ በሠራው የቀርከሃ ቤት ነው። አባቴ ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ቤቱንም መሬቱንም ያዘ። እኔ የጠየቅሁት የአባቴን ጦር ብቻ ነበር። እሱ ግን ሚስቱ አማረች ለፈረንጅ ሸጠችው አለኝ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያንን ደጅ አልረገጥኩም። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ እንኳ አማረችን ሰላም አልላትም ነበር።

ወንድሜ ቤቱን አፍርሶ የቆርቆሮ ሊሠራ ነው ሲባል ሰማሁ። ሳይፈርስ በፊት አማረችን በሰው ፊት ልናገራት ወጣሁ።

ቤቱን ሳየው ደነገጥኩ። የእኛ አገር ቤት ረጅም ነው። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ጎረቤት ተሰብስቦ ያነሳዋል፤ የተበላው ተቆርጦ ቤቱ መልሶ ይተከላል። በተቆረጠ ቁጥር ያጥራል። አባቴ ቀና ብሎ ይገባበት የነበረው በር እኔን አጎነበሰኝ።

ወንድሜ ከጎረቤቶች ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ አማረችም እዚያው ነበረች። ሰላም ሳልል አማረችን የአባቴን ጦር ለማን እንደሸጠችው ጠየቅኋት።

እጄን ይዛ ወደ ቤቱ መሃል ወሰደችኝና ወደ ላይ አሳየችኝ። አባቴ ልጆች እንዳይደርሱበት ከቀርከሃው ጋር ያሰረው ጦር በጭስ ጠቁሮ እዚያው ነበር። ድሮ መሰላል ይፈልግ ነበር። አሁን ቤቱ ከማጠሩ የተነሳ እጄን ስዘረጋ ነካሁት።

"ምራት የአማቷን ጦር አትነካም" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ መጥተሽ ሳትፈቺው ቤቱ አይፈርስም ብዬ ስንቴ አስቆረጥኩት መሰለሽ።"

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "ሸጠችው ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

መሬት መሬቱን እያየ፣ "ጦሩን ከወሰድሽ መሬቱንም ትጠይቂያለሽ ብዬ ፈራሁ" አለ።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ "ቤቱ እንኳ አፍሮ አጎነበሰ፤ አንተ ግን ይኸው ቀና ብለህ ኖርክ" አሉት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አማረችም አልጠበቀችውም፤ ቆጮ አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ጦሩን አልፈታሁትም። ከተፈታ ቤቱ ይፈርሳል።

ወንድሜን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። የሚያሳፍረኝ ግን የእሱ ውሸት አይደለም፤ ለሃያ ዓመት የነፈግኳት ሰላምታ ነው።

ዘንድሮ ምስጡ ሲጀምር አማረች ደወለችልኝ። ቤቱ በተነሳበት ቀን ወጣሁ። ተቆርጦ ሲተከል አብረን ገባን። ጦሩ አንድ ስንዝር ወርዷል።

"ንኪው" አልኳት።