የጎበሳ መስመር ምሳ

ሾፌርነት በጀመርኩበት ቀን የተማርኩት ስለ መሪና ስለ ፍሬን አልነበረም። ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሾፌር አውቶቡሱን ሊያስረክቡኝ ከአሰላ መናኸሪያ አብረውኝ ወጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ ጎበሳ የሚያሳዩኝ ምግብ ቤት ብቻ ነበር። "እዚህ ቤት ሽሮው ጥሩ ነው፣ ውሃውን ግን አትመነው። እዚያ ደግሞ ጥብስ አዘህ ጸጉርህን ተስተካክለህ ብትመለስ ገና ሽንኩርት ሲላጥ ታገኛለህ" አሉኝ። ስለ ማርሹ ስጠይቃቸው፣ "ሦስተኛው ትንሽ ያስቸግራል። ተሳፋሪ ማርሽህን አያስታውስም፣ ምሳውን ግን አይረሳም" ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በሙያችን ሾፌርና ረዳት ምሳ አይከፍሉም። አውቶቡሱ በራፉ ላይ የቆመለት ባለ ምግብ ቤት ያበላቸዋል፣ ተሳፋሪው ተከትሎ ይገባላ። ስለዚህ ባለ ምግብ ቤቶች ሾፌር ሲያዩ እንደ አማች ይነሱለታል። እኔም በወጣትነቴ ተወድጄ ይመስለኝ ነበር።

ረዳቴ ከድር በዕድሜ ይበልጠኛል። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ ፍየል፣ ጆንያ፣ አልጋ፣ የመጣለትን ሁሉ ያስራል፣ ገመዱ ላልቶ አያውቅም። ችግራችን ሳህን ነበር። እሱ የእስላም ሥጋ ይበላል፣ እኔ የክርስቲያን። ሾፌርና ረዳት ደግሞ ለየብቻ ሲበሉ የታዩ እንደሆነ ተጣልተዋል ተብሎ መናኸሪያው ሙሉ ያወራል። ሥጋ የሌለበት ምግብ ስንፈልግ አርሲን አዳረስን።

ሁሩታ ገበያ ጥግ ላይ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ነበር። ጮሌ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ጭኮ እንበላለን፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፤ አንድ ጉርሻ እስከ ማታ ያቆያል። አሰላ መናኸሪያ ጀርባ ፓስታ በበርበሬ ስጎ እንጀራ ላይ ይዘረገፍልናል። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም ቅቤውም እርጎውም ይቀራል። ከድር፣ "ሾፌር፣ አንተ የምትበላበትን ቀን ብቻ ብትነግረኝ ይቀላል" እያለ ያሾፍብኛል። በረመዳን ደግሞ እሱ ሲጾም የመጠንቀቅ ተራው የእኔ ነው። እሱ ጎማ ሲያይ እኔ አውቶቡሱ ጀርባ ተደብቄ ዳቦ እገምጣለሁ።

አንድ ዓመት ለአረፋ ቤቱ ጠራኝ። ሥጋ አልጠበቅኩም፣ ወተት ጠጥቼ ልመለስ ነው የሄድኩት። ስደርስ አጥሩ ጥግ አንድ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ቢላውን እየሳለ ነው። ለእኔ ብቻ አንድ ጠቦት ተለይቶ ቆሟል። ሰውየው በስመ አብ ብሎ ባረከልኝ፣ የከድር ሚስት ከጎረቤት በመጣ ድስት ሠራችልኝ። ከድር አጠገቤ ተቀምጦ የራሱን በላ። እኔም ሆዴ እስኪያመኝ በላሁ።

እትዬ ዘነበች ጎበሳ ገበያ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ቤት ነው። የገበያ ቀን የእኛ አውቶቡስ ካልቆመላቸው ድስቱ እንደተጣደ ይውላል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ሙስሊሙ በግራ፣ ክርስቲያኑ በቀኝ ይቀመጣል። ጓዳውም እንደዚሁ ነው፤ ምድጃው፣ ድስቱ፣ መክተፊያው፣ ቢላው ሁሉ ሁለት ሁለት። በግራው ምድጃ ፋጡማ የምትባል ጎረቤታቸው ትሠራለች። የእሷ ቢላ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። እኔና ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጠን ገንፎ በእርጎ እንበላለን። ከዚያ ሆኖ ሁለቱም ክፍል ይታያል።

አንድ የገበያ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ገበያው ዘግይቶ ተፈታ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተርቦ መጣ። ጓዳው ተተራመሰ። ሳህን ከቀረበ በኋላ እትዬ ዘነበች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉና በግራው ክፍል በር ላይ ቆሙ። ሐጂ አማን የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ፣ ደንበኛችን፣ ቢስሚላህ ብለው ቆርሰው ነበር።

"እጅዎን ይመልሱ፣ ሐጂ። እናንተም አትብሉ" አሉ።

"ምን ተፈጠረ?"

"በጥድፊያ የፋጡማን ቢላ አንስቼ የኔን ሥጋ ቆርጬበታለሁ። እሷ ሳታውቅ የእናንተን ቆረጠችበት። የራሴ ቢላ ደርቆ ተቀምጦ ሳየው ነው የገባኝ። ፋጡማ የለችበትም፣ እኔ ነኝ።"

እሳቸው ባይናገሩ ማንም አያውቅም ነበር። ሐጂ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡና፣ "አስተግፊሩላህ" ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አንዱ፣ "ሁለት ምድጃ ካለበት ቤት ምን ይጠበቃል" እያለ ሄደ። እትዬ ዘነበች ሽሮ ልሥራላችሁ ብለው ለመኑ፣ ግን ኬላው ሳይዘጋ ማለፍ ነበረብን። ስንነሳ ወጡን ከነድስቱ ወደ ጓሮ ሲያወጡት አየሁ። አሳዘኑኝ።

እኔና ከድር ገንፏችንን ጨርሰን ነበር። በተራበ ሰው መሀል የጠገበ ሾፌር መሆን ደስ አይልም። እስከ አሰላ ድረስ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ይረግሙኝ ነበር። ሐጂ ብቻ አልረገሙኝም።

በማግስቱ የስምሪት ኃላፊው ጠራኝ። "ተሳፋሪ አስርበህ አመጣህ የሚል አቤቱታ ደርሶኛል፣ ጓድ" አለ።

"ቢላ ተሳስቶ ነው።"

"ስለ ቢላ አልጠየቅኩህም። ሌላ ምግብ ቤት የለም?"

"ከመንገዱ ማዶ አንድ አለ።"

"እንግዲያው እዚያ አቁም። ነገር አታብዛ።"

የሚቀጥለው ገበያ ተፈታና ተሳፋሪውን ጭኜ ወደ ምሳ ተነሳሁ። የማዶው ባለ ምግብ ቤት ወሬው ደርሶታል፣ በራፉ ላይ ቆሞ በፎጣ ይጠራናል። እሱም ለሁለቱም ወገን የሚያበላ ነው። "ና፣ ና! እዚህ ቤት እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም" አለ። መሪውን ወደ እሱ አዞርኩ። እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመዋል። አልጠሩንም። ከድር ወደ እሳቸው ላለማየት ይመስለኛል፣ ጫማውን ያስር ጀመር።

ሐጂ አማን ከኋላዬ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። "አቁም።"

"ምነው ሐጂ?"

"ይህ ሰውዬ ምግብ መሸጥ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?"

"ቆይቷል።"

"አንድ ቀን ተሳሳትኩ ሲል ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም።"

"እኔም አልሰማሁም። ተሳስቶ የማያውቅ ከሆነ መልአክ ነው፣ የመልአክ ምግብ አልለመድኩም። ተሳስቶ ከሆነም አብልቶኛል። ይህች ሴት ግን አፌ ሳይደርስ መለሰችኝ። ወደዚያ አዙር።"

አውቶቡሱን ሳላዞር ከድር፣ "ቶሌ፣ እሺ፣ ሐጂ" ብሎ በሩን ከፈተላቸው። ሐጂ ወርደው መንገዱን አቋርጠው በሩ ላይ ደረሱ።

"ዘነበች፣ የዛሬው ቢላ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው፣ ሐጂ። የኔን ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት አስሬዋለሁ፤ እልፍ ቢል እንኳ የፋጡማ ምድጃ ጋ አይደርስም።"

ሐጂ ሳቁና ገብተው በግራው ክፍል ተቀመጡ። ከተሳፋሪው የሚበዛው ተከተላቸው። የቀሩት ማዶ በሉ። ለኃላፊው፣ ተሳፋሪ አቁም ያለኝ ቦታ አቆምኩ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

አሁን ለመጨረሻ ጊዜ መሪ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። ወጣት ሾፌሮች መስመር ሲቀይሩ ተሳፋሪ ለምሳ የት እናውርድ ይሉኛል። ሲሳሳት ተሳሳትኩ ብሎ ሳህን የሚያነሳ ቤት ፈልጋችሁ እዚያ አቁሙ እላቸዋለሁ።