የጸሎት ርዕስ

«ሐይቁን ዳር ዳሩን እየሄድን ቀስ ብለን እናወራበታለን» ያለው ባለቤቴ ነው። እኔማ እዚያው ሳሎናችን ተቀምጠን መጨረስ እንችላለን ባይ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት አለብኝ። ባለቤቴ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር «ቅዳሜ፣ በእርጋታ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አቆየኝ። እሺ፣ ቅዳሜ መጣ።

ከሰፈራችን ከሲቀላ በሚኒባስ ተሳፍረን ላንቴ ወረድንና በሙዝ ማሳዎቹ መሃል ወደ ዓባያ ሐይቅ የምትወስደውን መንገድ ያዝን። ተራራው ከኋላችን፣ ቀላ ያለው ውሃ ከፊታችን። ደስ የሚል ጠዋት ነበር፣ አልዋሽም። «እንግዲህ ስለ ሥራው…» ብዬ ከመጀመሬ አንድ ገበሬ ከሙዙ መሃል ብቅ ብሎ ባለቤቴን አቀፈው።

ላንቴ ባለቤቴ የተወለደበት ቀበሌ ነው። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሐይቁ ዳር ከቤቶቹ ይርቃል ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ሰላምታው ከጤና ተነስቶ በከብቱ በኩል ዞሮ የጎረቤት አማች ጉንፋን ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ደጃፍ ላይ ሰላም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል። አንዱ ቤት ሙዝ በላን። ከዚያ የተቀቀለ በቆሎ፣ ከዚያ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል፣ ኩርኩፋ። የያዝነው ዳቦ ፌስታሉ ውስጥ ደረቀ።

ልንወጣ ስንነሳ ደግሞ የቤቱ ሰዎች «የጸሎት ርዕስ አላችሁ?» ይላሉ። እንግዳው ያሳሰበውን ይናገራል፣ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ተጸልዮለት አሜን ይባላል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። የልቤን ለማላውቀው ሰው ጮክ ብዬ መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ባለቤቴም በየቤቱ «ለአንዳንድ ነገር ጸልዩልን» እያለ ያልፈው ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደ ምንም ብለን ውሃው ዳር ደረስንና ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰው የለም። ዘወር ብዬ እንኳ አረጋገጥኩ።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አልኩት።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ሳምንቱን ሙሉ አልኩ እኮ!»

«እሱማ ልክ ነሽ» አለና «ውይ፣ ጉማሬውን አየሽው?» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

ጉማሬ! ደሜ ፈላ። ቅሪ ቢለኝ ተጣልተን ተጣልተን አንድ ቦታ እንደርስ ነበር። ሂጂ ቢለኝ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቅስ ነበር። ይህን «እሱማ ልክ ነሽ»ን ግን ምን ላድርገው? ተነስቼ መራመድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ቀስ እያለ መጣ፤ እሱ እንደሆነ ለሽርሽር ነው የወጣው። የተራራው ጥላ ማሳዎቹ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንደዚያው ሄድን።

ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ አክስቱ ጠልፈው አስገቡን። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እምቢ አይባልም። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ራት በላን። ከዚያ እንደተለመደው ርዕሱ ተጠየቀ፤ እኔም ያንኑ «ለአንዳንድ ነገር» እየጠበቅኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከአክስቱ ጋር ሁልጊዜ በጋሞኛ የሚያወራው ባለቤቴ በአማርኛ ጀመረ።

«ባለቤቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች» አለ። «እንዳትሄድብኝ ጸልዩልኝ።»

ፊቴ ጋለ። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ስንሄድ ያልነገረኝን፣ በዘመድ በጎረቤት ፊት እግዜርን ሽማግሌ አድርጎ ላከብኝ! እንድሰማው ነው በአማርኛ የተናገረው። እምቢ እንዳልል ነው እዚህ የተናገረው። ተናደድኩ፤ «እንዳትሄድብኝ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከንዴቴ ሥር ገብታ አሳመመችኝ። ጥላው ሥር ለብቻችን ሳለን ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም።

«አንቺስ ልጄ?» አሉ አክስቱ። «ለአንቺስ ምን እንጸልይ?»

ለወጉ ነው የጠየቁኝ። ራሴን ነቅንቄ ማለፍ እችል ነበር።

«ሥራውን እይዛለሁ፣ እማማ» አልኩ። «መንገዴን እንዲያቀናልኝ ጸልዩልኝ።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አክስቱ መጸለይ ጀመሩ፤ መጀመሪያ እንድቀር፣ ቀጥለው በሰላም እንድሄድ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሁለቱንም ከልባቸው። እንድቀር ሲጸልዩ ቤቱ በሙሉ አሜን አለ፤ እኔ ዝም አልኩ። እንድሄድ ሲጸልዩም ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። የባለቤቴን ድምፅ ከመሃል ፈለግኩት። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። እሱም አሜን እንዲል ምን ያህል እንደፈለግኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አላለም።