እንስራ ሙሉ ጭቃ

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ከጅጋ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መንደራችን ነው።

የጣሊያን ወታደሮች መጀመሪያ የሰፈሩት ከምንጫችን ሥር ባለው ረግረግ ላይ ነበር። መኪናቸው እየሰመጠ ሲያስቸግራቸው መሬቱን ለማድረቅ ጥልቅ ቦይ ቆፈሩበት፤ ኋላም ትተውት ወደ ኮረብታው ወጡ። ቦዩ ግን ሥራውን አላቆመም። መሬቱ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በጥቂት ወር አፈሰሰው። በታኅሣሥ ጅረቱ ጠጠር ብቻ ሆነ፤ ምንጩም ነጠፈ። ወንዶቹ ምንጩን በሰው ቁመት ልክ ቢያጎደጉዱት ያገኙት ጭቃ ነው። ሌላ በጋ እንዲህ ካለፈ መንደሩ መነቀሉ ነበር።

ባሌ ጫካ ገብቶ ስለነበር የምኖረው ከአባቱ ከአያ አድማሱ ጋር ነው። እሳቸው ረግረጉን ዞረው አዩና፣ «ምንጩስ አልሞተም፤ ውሃው በቦዩ እየሾለከ ነው። ቦዩን ድፈኑት፣ መሬቱ ውሃውን ይይዛል» አሉ።

ይህ የደቦ ሥራ ነው። ነገር ግን አምስት ወንድ ዶማ ይዞ ከተሰበሰበ ሽፍታ ተብሎ ይታሰራል። ውሃ የምትቀዳን ሴት ግን ማንም አይጠይቃትም። እኔም በእንስራችን ከመንደር ጭቃ እየሞላን ወደ ቦዩ እንውረድ አልኩ። ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አሥራ አንድ ሆነን ወረድን። ጭቃውን ከድንጋይና ከነሥሩ ከተነቀለ ሣር ጋር ቦዩ ውስጥ ጠቅጥቀን በእግራችን እንረግጠዋለን፤ ከዚያ እንስራችንን ብር ወንዝ አጥበን፣ ውሃ ቀድተን እንመለሳለን።

አንድ ጠዋት፣ በምንወርድበት መንገድ ላይ ጣሊያኖቹ ያቆሙትን ኬላ የሚጠብቀው ባንዳ አስቆመኝ። የፈረስ ቤት ከተማ ሰው መሆኑን ከመስማት በቀር አላውቀውም። እጁን እንስራዬ ውስጥ ከቶ ጭቃ ዝቆ አወጣ። ሁሉን አስበን አንዱን ረስተናል፤ ባዶ እንስራ ይዛ ወደ ውሃ የምትወርድ ሴት ጎብጣ አትሄድም።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለኝ።

ፈርቼ ነበር፤ ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። «ውሃችንን ልንመልስበት ነው። ብትፈልግ ንገርብን። ነገም እወርዳለሁ» አልኩት።

ቁልቁል የደረቀውን ረግረግ ቆይቶ አየ። የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እጁን በሣር ጠረገና፣ «ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ቀጥ ብላችሁም ሂዱ። አለቃዬ ከኮረብታው በመነጽር ያያል» አለኝ።

እስከ ሚያዝያ በግማሽ እንስራ ሠራን። ዝናብ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ናደብን፤ ሁለት ጊዜ መልሰን ደፈንነው። በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ፣ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ምንጩን እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ጣሊያን ወጥቶ ባሌ ሲመለስ ይህን አጫወትኩት። ባንዳ ታመሰግኛለሽ ብሎ ተቆጣኝ። ከምንጩ ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጣ፤ ድገሚኝ አለ።

ዛሬም ሰው ባንዳን ሲረግም አብሬ እረግማለሁ፤ በእነሱ ጥቆማ የሞተ ወንድም አለኝ። ያን አንዱን ግን በልቤ ለይቼ አስቀርቼ ነው።