ነብሩና የታደሰ ታንክ

የደርግ መጨረሻ ዓመት፣ በጋ ነው። ብር የሚባለው ወንዛችን ቀጥኖ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ዱካ እንደልብ የማይገኝበት ጊዜ። አንድ ነብር ፍየሎቻችንን ፈጀብን። እናንተ ልጆች ነብርን በሥዕል ነው የምታውቁት፣ ታድላችሁ!

ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ ምንሽሬን፣ የእህቴ ባል ደምሴ አልቤን ጠመንጃውን፣ ታደሰ ደግሞ ዱላ ብቻ ይዞ። ታደሰ የደርግ ታንክ ሾፌር ነበር። ጦሩ ከቡሬ በኩል ሲያፈገፍግ ታንኩን ከወንዙ ዳር ጫካ ውስጥ ደብቆ እኔ ቤት ቀረ። «ይህን ብረት ዳግም ብነካ ማርያም ትፍረድብኝ!» ብሎ ምሎ፣ ሞፈር ጨብጦ ያርስልኝ ነበር። ጠመንጃ ስትሰጡት እጁን ወደ ኋላው ይደብቃል።

ጠዋት ከምንጩ አፍ፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ዱካውን አገኘነው፤ ጥፍር የማይታይበት ክብ መዳፍ። ተከትለን ቁጥቋጦ ሥር ደረስንበትና ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ተኮስን። ወደቀ።

በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ከተኮሰ ግዳዩ ቀድሞ ለፎከረው ነው። ደምሴ እንዳልቀድመው ሮጦ ከነብሩ ራስጌ ቆመ። «ዘራፍ!» አለ። ገና አፉን ሳይገጥም ነብሩ ተነሣ።

ትከሻውን ነክሶ ጭኑን በጥፍሩ ዘለዘለው። እኔ አነጣጥራለሁ፣ እነሱ ተጠላልፈው ይንከባለላሉ፤ ማንን ልምታ? ታደሰ ዘሎ ገባና ዱላውን ነብሩ አፍ ውስጥ አጋድሞ ሰነቀረበት። «በለው!» አለኝ። አፈሙዙን ከጆሮው ሥር አስጠግቼ ሳብኩ። ትንፋሹ ፊቴን ያቃጥለኝ ነበር።

የደምሴ ደም ግን አልቆም አለ። ጋቢዬን ቀድጄ ጭኑን አሰርኩለት። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት በቃሬዛ ግማሽ ቀን ነው፤ እስከዚያ ደምሴ የለም። ታደሰ ታንኩ ወዳለበት ጫካ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «የማልኩባት ማርያም እሷው ትፍታኝ» አለና የሸፈነበትን ቅርንጫፍ ከታንኩ ላይ ይገፍፍ ጀመር።

ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። መድፉን ወደ ኋላ አዞረው። እኔ ከላይ ደምሴን ታቅፌ፣ የጋቢዬን ቅዳጅ በምንሽሬ ጫፍ ሰቅዬ አውለበልባለሁ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ደርግን የሚወጉት ታጣቂዎች ከቦይ ውስጥ አነጣጠሩብን። «ቁስለኛ ነው! አትተኩሱ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ታደሰ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ነው የሚነዳው። «ግባ እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብዬ ብጮህበት፣ «ፊቴን ይዩት፤ ሰው መሆኔን ይወቁ» አለኝ። አፈሙዛቸውን ዝቅ አድርገው አሳለፉን።

የፍኖተ ሰላም ገበያ ተበተነ፤ እግዚኦታው ለጉድ! ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንቆም ግን ያው የሸሸው ሕዝብ ተመልሶ ደምሴን ተሸክሞ አስገባው።

ዳነ፣ ተመስገን! ከዚያ ወዲህ የወደቀ አውሬ ላይ ድንጋይ ሳልወረውር ፎክሬ አላውቅም፤ እናንተም ይኼን ያዙ።

ደምሴ ከሐኪም ቤት ወደ እኔ ቤት የመጣ ዕለት እህቴ ቅቤ በቅል ይዛ ወጣች። የገዳይ ራስ ቅቤ ይቀባል፣ ወጋችን ነው። ደምሴ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ራሱን አዘነበለላት፤ አያፍርም እኮ! አልፋው ሄደች። ነብሩን የጨረስኩት እኔ ነኝና ባርኔጣዬን አወለቅሁ። እኔንም አለፈችኝ። ታደሰ በረት ውስጥ በሬ ያስራል፤ ወደ እሱ ሄደች።

«ኧረ እቴ፣ እኔ ምንም አልገደልኩም» አላት።

«አውቃለሁ። ጎንበስ በል» አለችው።

ቅቤው በግንባሩ እየወረደ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔም ባርኔጣዬን እንደያዝኩ አብሬው አለቀስኩ።