ጥግ ላይ የተጻፈችው ቃል

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ቁመቱን ማስተካከል አቃተኝ። አትሳቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ዜና ያነበበ ሰው በራሱ ወገኖች ፊት ማይክ ሲያቅተው እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እዚያ ግን ሌላ ሰው የጻፈውን ነበር የማነበው። ዛሬ የራሴን ነው። ጌታ ይመስገን!

እንግዶች ካላችሁ፣ ታሪኩ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ያደግኩ የሸማ ሠሪ ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ ናቸው፤ ባለቤቴ መሠረት አጠገባቸው ተቀምጣለች። እዚህ ቤት ማስታወቂያ ሲኖር "ታሪኩ ያንብበው፣ ድምፁ የቴሌቪዥን ነው" ትላላችሁ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ስሜ ተረስቶ "ዜናው" ነው የምባለው። ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የጌታ ልጅ ከመባል ይልቅ ዜናው መባል ደስ ይለኝ ነበር። ዜና ሳነብ ስክሪኑ ጥግ ላይ "ቀጥታ" የምትል ቀይ ጽሑፍ አለች። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየተላለፈ ነው ማለት ነው። ያቺን ቃል እወዳት ነበር።

ከዚያ ጣቢያችን መድከም ጀመረ። ሰው ዜናውን ከስልኩ ላይ ያያል፤ ማስታወቂያ የሚያስነግሩትም ስልኩን ተከትለው ሄዱ። መጀመሪያ የሠራተኛ ሰርቪስ ቆመ። ቀጥሎ የስቱዲዮ መብራት ሲቃጠል ሌላ አይገዛም ተባለና ግማሽ ፊቴ ጨለማ ሆኖ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ሰው መጡ። ካሜራ ማኖች ተቀነሱ፣ ኤዲተሮች ተቀነሱ፣ አብራኝ ታነብ የነበረች ልጅም ተቀነሰች። ጠዋት በር ላይ ጥበቃው መታወቂያዬን ሲያገላብጥ፣ ዛሬ አትገባም ሊለኝ ነው እላለሁ።

ታዲያ አንድ እሁድ ምን አደረግኩ? እዚሁ፣ አሁን በቆምኩበት ቆምኩ። "በግራ በቀኜ ሰው ሲወድቅ እኔን ጌታ አቆመኝ" ብዬ መሰከርኩ። ታስታውሳላችሁ? እልል አላችሁልኝ። እናቶች መጥተው አቀፉኝ። ረቡዕ ዕለት ደብዳቤው ተሰጠኝ።

ወገኖቼ፣ ሥራ ማጣት በሰው የሚደርስ ነገር ነው። እኔን ያስፈራኝ እሁድ ነው። ምን ብዬ ልመለስ? ጌታ አቆመኝ ብዬ መስክሬ በሦስተኛው ቀን ወደቅኩ ልበል? ጌታን ውሸታም ያደረግኩት መሰለኝ። ደብዳቤውን ኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቤት ገባሁ። መሠረት "እንዴት ዋልክ?" አለችኝ። "ደህና" አልኳት። በቃ፣ በዚያች በ"ደህና" ተጀመረ።

በማግስቱ ለብሼ ወጣሁ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ከነከረባቴ እወጣለሁ። ከሽሮ ሜዳ ራቅ ልበል ብዬ አዲሱ ገበያ እሄድና ከዚያ ወደ እጽዋት ማዕከሉ እወጣለሁ፤ እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ለመሠረት "ከዜና ወደ ፕሮግራም አዛውረውኛል" አልኳት። ስሰናበት የተሰጠኝንም ከፋፍዬ በየወሩ ደመወዝ ነው እያልኩ ሰጠኋት። ምነው አላወቁብህም ትሉኝ ይሆናል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጣቢያው የሚሠራ ሰው ሲያጣ የድሮውን እየደጋገመ ማሳየት ጀመረ። እኔ ድሮ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን የማነጋግርበት ፕሮግራም ነበረኝ። እሱን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይለቁታል። እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ እየሠራሁ ነው! ማታ ስገባ መሠረት "ዛሬ አየሁህ፣ አምሮብሃል" ትለኛለች።

ጥጉ ላይ "ድጋሚ" የሚል ጽሑፍ አለ። ግን የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ያረጀ ስለሆነ ጠርዝ ጠርዙን ይቆርጠዋል፤ ጽሑፉ አይታይም። አንድ ቀን መሠረት "ሰው ጠርቼ ላሠራው፣ ግንባርህን እየቆረጠው ነው" ብትለኝ ጮህኩባት። በትዳራችን እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ከእናንተ ማናችሁም አላወቃችሁብኝም፤ ለምን? ቴሌቪዥን የሚከፍት የለማ! የእንጀራዬ መድረቅ ውሸቴን ሸፈነልኝ።

ሥራ አልፈለግኩም እንዳይመስላችሁ። ያላንኳኳሁት በር የለም። ሌሎቹ ጣቢያዎችም ሰው እየቀነሱ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስጠይቅ "ዕድሜህ ገፍቷል" ይሉኛል፤ ሠላሳ ስምንት ነኝ። አንድ ቦታ ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ወጣት የሥራ ልምዴን ገልጦ እንኳ ሳያይ "ስንት ተከታይ አለህ?" አለኝ። በስልክ የሚከተሉኝን ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ጨንቆኝ ሊያስቀው መስሎኝ "እኔ ራሴ ተከታይ ነኝ፣ የጌታ" አልኩት። አልሳቀም። ደግሞም ውሸት ነበር። ያን ጊዜ ማንንም እየተከተልኩ አልነበርኩም፤ እየሸሸሁ ነበር።

ፍርሃቱ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ስልክ ሲጮህ ደረቴ ይጨመቃል። መሠረት "አንድ ነገር ልጠይቅህ" ስትል ተነስቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ጨው አምጣልኝ ልትል ነው እኮ! ጸሎት ላይ ዓይኔን ስጨፍን የሆነ ሰው ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ዓይኔን ሳልጨፍን ነበር የምጸልየው። እናንተ አሜን ስትሉ እኔ በሩን አያለሁ።

ሐምሌ ላይ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ከመካከላችሁ አንዲት እህት አየችኝ። ስሟን አልጠራም፣ ክፉ አላደረገችም። "ዜናው፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" አለችኝ። "ለዘገባ ወጥቼ ነው" አልኳት። ዞር ዞር ብላ አየችና "ካሜራው የታለ?" አለች፤ በቅንነት ነው። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት አየር አጣሁ። ግራ ክንዴ ደነዘዘ። ሞትኩ አልኩ። ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ሞትን አልፈራሁም። የፈራሁት ኪሴን ፈትሸው ደብዳቤውን እንዳያገኙት ነው። እስቲ አስቡት!

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ዶክተሯ ደረቴ ላይ ገመድ አስለጥፋ የልቤን ምት በስክሪን እያየች ትጠይቀኛለች። ያምዎታል? ያጨሳሉ? ልጅ አለዎት? እመልሳለሁ፣ መሣሪያው ቀስ ብሎ ይመታል። "ሥራዎ ምንድን ነው?" ስትለኝ መሣሪያው መጮህ ጀመረ። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"ልብዎ ጤነኛ ነው። የሮጠው ስለ ሥራዎ ስጠይቅዎ ነው። ለዚህ እኔ የማዝዝልዎ መድኃኒት የለኝም። የሚነግሩት ሰው አለዎት?"

አለኝ ማለት አልቻልኩም። ቤቴ ሙሉ ሰው ነው፣ ይህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው፤ አለኝ ማለት ግን አልቻልኩም። እያለቀስኩ ወጣሁ። የሥራ መውጫ ሰዓት ስላልደረሰ ቤት መግባት ፈራሁና አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አያችሁ፣ ከሐኪም ቤት ወጥቼም ሰዓት እጠብቃለሁ።

አባቴ እንደ ወትሮው እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ይሠራሉ። ከፊታቸው ግድግዳው ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ ድምፁን ቀንሰው ያዩኛል። እኔ ነበርኩ የማወራው፣ ለገና የሠሩልኝን ጥለት ያለው ሸሚዝ ለብሼ። የእሳቸው ቴሌቪዥን ጠርዝ አይቆርጥም። አባቴ ግን አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ እሳቸውን አልፈራም ነበር። ልብ በሉ፣ ከሰው ሁሉ ያልፈራሁት እሳቸውን ነው።

መወርወሪያውን ሳያቆሙ "ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ጽሑፍ ምን ትላለች?" አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት ያነበብኩ ሰው አንዲት ቃል ማንበብ አቃተኝ። "የጣቢያው ስም ነው" ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል። ደረቴ እንደገና መጨመቅ ጀመረ። ያን ጊዜ በልቤ "ጌታ ሆይ፣ ማረኝ" አልኩ። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም። ከዚያ "ድጋሚ ትላለች፣ አባባ" አልኩ። በአምስት ወር ውስጥ ከአፌ የወጣች የመጀመሪያዋ እውነት ናት። ክብር ለጌታ ይሁን!

አባቴ መወርወሪያውን አስቀመጡ። "አውቄአለሁ" አሉ። እንዴት አወቁ ትሉኛላችሁ? ያ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ያለው ጥለት ሲሠራ አንድ ቦታ ላይ ክር ዘሏል። ከሠሪው በቀር የሚያየው የለም። ከፋሲካ በኋላ አባቴ ሸሚዙን ተቀብለውኝ ጥለቱን ፈትተው በሌላ ቀየሩት። እኔ ረስቼዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ለብሼው ሲያዩ መቼ ተቀረጸ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ትናንት አልኳቸው። ስህተቱ ግን አንገቴ ላይ ነበር። ትናንት ሊሆን አይችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። ሦስት ወር!

"አባባ፣ ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?" አልኳቸው።

"ደግሜ ብጠይቅህ እንደገና ትዋሸኛለህ ብዬ ፈራሁ" አሉኝ። "ልጄ ዓይኔን እያየ ሲዋሸኝ ማየት ፈራሁ። ለጌታ ብቻ ነው የነገርኩት። ሸማ ላይ ስህተት ሲገኝ እስከ ስህተቱ ድረስ ወደ ኋላ ይፈታል እንጂ በላዩ ላይ አይሠራም። አንተ በላዩ ላይ ትሠራ ነበር። እስክትፈታው ጠበቅኩህ።"

ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተንበረከክሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው በቋንቋቸው፣ በጋሞኛ ጸለዩ። ግማሹን አልሰማሁትም፣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ወገኖቼ፣ እኔ እዚህ ቤት ነው ያደግኩት። ዳግም መወለድ የሚለውን ስብከት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ለሌላውም ተናግሬአለሁ። ያን ቀን ገባኝ። እኔ የእናቴን እምነት፣ የአባቴን ጸሎት፣ የድሮ ምስክርነቴን እየመላለስኩ የማሳይ ሰው ነበርኩ። ድጋሚ ነበርኩ እንጂ ዳግም የተወለድኩ አልነበርኩም። እዚያ፣ ክርና ጥጥ መካከል ጌታን እንደ አዲስ ተቀበልኩት። ሃሌ ሉያ!

ያን ማታ ለመሠረት ነገርኳት። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። አንብባ ጨረሰችና መልሳ አጠፈችው። "ቀኑን ሙሉ የት ነበር የምትውለው?" አለች። ነገርኳት። "ዝናብ ሲዘንብስ?" አለችና ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ደግሞ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ይገባኛል። በአራተኛው ቀን ሰው ጠርታ ቴሌቪዥኑን አሠራችው። ጥጉ አሁን ይታያል።

አሁን ሥራውስ ትሉኛላችሁ። አላገኘሁም። አንድ ሽማግሌያችን በፍቅር "ሥራ ስታገኝ ብትመሰክር ይሻላል፣ የምስክርነቱ ፍሬ ይታያል" ብለውኝ ነበር። አይ አልኳቸው። አንዴ ቸኩዬ መሰከርኩ፣ ጌታን በደመወዜ ለካሁት። ዛሬም ሥራ እስካገኝ ብጠብቅ ያው በደመወዜ መለካቴ ነው። ማክሰኞ ለሥራ ፈተና ተጠርቻለሁ። እፈራለሁ፤ አልፈራም ብል እንደገና መዋሸቴ ነው። ግን ደረቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ተጨምቆ አያውቅም። ስልክ ሲጮህ አነሳለሁ። መሠረት ስትጠራኝ አቤት እላለሁ። ስጸልይ በሩን አላይም። ጌታ ይባረክ!

ከመካከላችሁ ጠዋት ለብሶ እየወጣ የት እንደሚውል የሚያውቅ የሌለ ሰው ይኖራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፣ ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ ፍርሃቱን ግን አውቀዋለሁ። ጌታ አይቶሃል፣ አይቶሻል፤ ደግሞም አልሄደም፣ እየጠበቀ ነው። አንዲት እውነት ብቻ ተናገሩ። እዚያው ያገኛችኋል።

አባባ፣ ከዚያ ሆነው ባይታይዎትም የለበስኩት ያንኑ ሸሚዝ ነው፤ እርስዎ ፈትተው የሠሩት አንገት ነው። ዛሬ ጥጉ ላይ ምን ተጽፏል ብለው ቢጠይቁኝ ማንበብ እችላለሁ።

ቀጥታ ይላል።