ከባቡሩ ፊልም የጎደለው ሦስት ደቂቃ

ረዳት ኦፕሬተር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት ዋናው ኦፕሬተር ጋሽ በቀለ መጀመሪያ ያሳዩኝ ማሽኑን ሳይሆን ወንበሩን ነበር። ወንበሩ ጀርባውን አዳራሹ ለሚታይበት ትንሽ መስኮት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ ተቀምጧል። “ፊልሙን ታች ያለው ሰው ይየው” አሉኝ። “አንቺ ማሽኑን እዪ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ኦፕሬተር እስካሁን አልገጠመኝም።”

ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት እዚያው ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ በባትሪ ለተመልካች ቦታ አሳይ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ አዳራሹ የመንግሥት ሆኗል። አንድ ቀን ከበላይ “ሴቶች በሙያ ዘርፍ ይሳተፉ” የሚል ደብዳቤ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ያለነው ሴቶች እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነን። እሷ “ከፍታ ያዞረኛል” አለች። በዚህ ዓይነት እኔ ዘነበች ረዳት ኦፕሬተር ሆንኩ።

አዳራሻችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ የቆመ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል በላያችን ስለሚያልፍ የተዋናዮቹ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አይሰማም። የሚታየው አብዛኛው የህንድ ፊልም ስለሆነና ሂንዲ የሚችል ስላልነበረ ማንም ብዙ አልጎደለበትም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ፊልም በአምስት ወይም በስድስት ቆርቆሮ ተከፋፍሎ ይመጣል። እያንዳንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ሁለት ማሽን አለን፤ አንደኛው ሊጨርስ ሲል በሸራው ቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፣ ያኔ ሁለተኛውን ማስነሳት ነው። ከላይ የወረደውን ፊልም የታችኛው መጠቅለያ በቺንጋ እየዞረ ይሰበስበዋል። ትርዒቱ ሲያበቃ ጥቅሉን በእጅ መልሰን እናጠነጥናለን፣ ጠርዙን በጣት እየዳሰስን የተቀደደ እንዳለ እንፈልጋለን፣ ከዚያ መዝገብ ላይ “ደህና” ወይም “የተቀደደ” ብለን እንጽፋለን። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሽ በቀለ ከሥር ይፈርማሉ።

ከሥራው ሁሉ የምወደው ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ትርዒት ሲያበቃ የሚሆነውን ነበር። የዘወትር ደንበኞቻችን ወደ ቤት አይሄዱም። አጠገባችን ያለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበው፣ እስከ ዛሬ ከታየው ፊልም ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔም ቆርቆሮዎቹን ቆልፌ እወርድና አንድ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

ክርክሩን የሚመሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ ሾላ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። መምህር ታደሰ ሒሳብ ያስተምራሉ፣ ያለ ማስረጃ ሻይ እንኳ አይጠጡም። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው፤ እሳቸው በተናገሩ ቁጥር ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ይተይባል። የፊልሞቹን የውጭ አገር ስም የሚያስታውስ ስለሌለ ስም የሚያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው። ለመምህር ታደሰ አንደኛው አንድ ወታደር ማንም የማይመጣበትን ድልድይ የሚጠብቅበት የሶቭየት ፊልም ነው፤ “የድልድዩ” ይባላል። ወይዘሮ አስካለ አንዲቱን ሴት ሦስት ጊዜ ከሚያገባው ዳቦ ጋጋሪ ወይ ፍንክች።

“ሦስት ጊዜ! የእኔ አንዴ አግብቶኝ ሰልችቶታል” ይላሉ።

አንድ እሑድ የቀበሌ ጥበቃ መሣሪያውን እንዳነገተ መጣና “የምን ስብሰባ ነው? ፈቃድ አላችሁ?” አለ። በዚያ ጊዜ ሰው ተሰብስቦ መገኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

“ስብሰባ አይደለም፣ ጠብ ነው” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

“የምን ጠብ?”

“ከፊልም ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው የሚል።”

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና “ካውቦይ ያለበት ነዋ! ሌላ ምን አለ?” አለ። ከዚያ ወዲያ እሱም ደንበኛ ሆነ።

የጋሽ ሰይድ አንደኛ “የባቡሩ” የሚባለው የህንድ ፊልም ነው። አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሴት ልጁ እሱ ያልወደደላትን ሰው ስላገባች አኩርፏታል። በመጨረሻ ልጅቱ በዝናብ ልትሄድ ስትሳፈር አባትየው ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዞር ቢል ቀይ ጃንጥላዋን አግዳሚው ላይ ረስታዋለች። ቆቡን ወርውሮ፣ ጃንጥላውን ይዞ በጭቃ ይሮጣል። ደርሶ በመስኮት ያቀብላትና ዝናቡ እየወረደበት ይቀራል።

ጋሽ ሰይድ ይህን ፊልም ያዩት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር ነው። ሲወጡ በሩ ላይ አግኝቻቸው ነበር። ወይዘሮ ዘሃራ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ “ለሷ ጃንጥላ ሰጥቶ ራሱ በሰበሰ እኮ!” ይላሉ፤ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ይስቃሉ። እኔ ግን በዚያ ሰዓት መሳቅም ማውራትም አልቻልኩም ነበር።

በዚያ ከሰዓት ጋሽ በቀለ ለሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ስለሄዱ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። አባትየው መሮጥ ሲጀምር ከወንበሩ ተነስቼ በመስኮቱ አየሁ። ለአምስተኛ ጊዜ ነው የማየው፤ እንደገና አለቀስኩ። ዘወር ስል የታችኛው መጠቅለያ ቆሟል፤ ቺንጋው ወልቋል። ፊልሙ በደንብ ባልተዘጋው የመጠቅለያው ሳጥን በር ወጥቶ ወለል ላይ ተከምሯል፣ የማሽኑ ጥርሶች መሃል ገብቶ ተጨፍልቋል። የቀረውን በእጄ እየጠቀለልኩ ትርዒቱን ጨረስኩ። ታች ያለው ሰው ምንም አላወቀም።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ተመልሼ በሬን ቆልፌ መረመርኩት። ሦስት ደቂቃ የሚሆነው፣ ጥርሶቹ የሚይዙት የጠርዙ ቀዳዳ ተበጣጥሷል፣ የሚጠገን አልነበረም። ያ ክፍል ጃንጥላው ነው። በምላጭ ቆረጥኩት፣ ጫፎቹን ፋቅ ፋቅ አድርጌ በኮላ አጣበቅኳቸው። አሁን አባትየው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ ባቡሩም ይሄዳል፣ አለቀ። የሚያስፈራው፣ እንዲህም ሆኖ ጥሩ ፊልም መምሰሉ ነበር።

የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሰው በአሻጥር ተከስሶ ሲወሰድ አይተናል። መዝገቡ ላይ “ደህና” ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ በቀለ በማግሥቱ ፈረሙ። መምህር ታደሰ ፊልሙን ያዩት በሦስተኛው ቀን ነው።

ዓመት አለፈ። ወይዘሮ ዘሃራ ታመው ዐረፉ። ጋሽ ሰይድ ከሐዘናቸው በኋላ ወደ በረንዳው ተመለሱ፣ ስለ ባቡሩ ፊልም የሚያወሩትም በዛ። መምህር ታደሰ “ጃንጥላ የሚባል ነገር አላየሁም” ሲሏቸው “አንቀላፍተህ ነዋ” ይሏቸዋል። ይሳሳቃሉ፣ ያልፋል።

ከዚያ ያው እኔ የቆረጥኩት ቅጂ ተመልሶ መጣ። ጋሽ ሰይድ ልጆቻቸውን፣ መምህር ታደሰንና ወይዘሮ አስካለን ሰብስበው መሃል ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ላይ ሆኜ አጫወትኩት።

ትርዒቱ ሲያበቃ ወደ በረንዳው ወረድኩ።

“ታዲያ የታለ ጃንጥላው?” አሉ መምህር ታደሰ።

“ነበረ።”

“ሁለት ጊዜ አየሁት፣ ሁለቴም የለም። ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል።”

“ወላሂ ነበረ! ዘሃራ አልቅሳለች።” ወደ እኔ ዞሩ። “ዘነቡ፣ አንቺ ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ነበረ ወይስ አልነበረም?”

“እኔ ማሽኑን ነው የማየው ጋሽ ሰይድ” አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጡም። በሁለተኛው ወር ልጃቸው ፋጡማ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣች። “አባባ ነገር እየዘነጋ ነው ብለን ሐኪም ቤት ወሰድነው” አለችኝ። “ሱቅ ውስጥ የለካውን ጨርቅ እንደገና ይለካል፤ ራሱን አላምን ብሏል። ‘የእናታችሁም ለቅሶ ሐሰት ነው ማለት ነው?’ ይለናል። ጃንጥላ ያለበት ሌላ ፊልም ካለ ስሙን ንገሪኝ፣ ቢያየው ይረጋጋል።”

ልጅቱ እንደሄደች ለጋሽ በቀለ ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገቡን አስመጡኝ። ገጹን ገልጠው ከእኔ “ደህና” ሥር ያለውን ፊርማቸውን ብዙ አዩት።

“ይሄ የማን ነው?”

“የእርስዎ።”

“ሳልዳስስ ነው የፈረምኩት። ሪፖርት ጻፊ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረን እንገባለን።”

ሥራ አስኪያጁ የጻፍኩትን ሪፖርት ሁለት ጊዜ አነበቡት። “ይሄን ለምን ዛሬ አመጣሽው? ማን ልኮሽ ነው? አሻጥር መሆኑን ታውቂያለሽ?” አሉ።

“ጓድ፣ አሻጥረኛ ሪፖርቱን ራሱ ጽፎ አይመጣም” አሉ ጋሽ በቀለ። “ጥፋት ነው። የእኔም አለበት።”

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ብዕር አነሱ። እኔ ለስድስት ወር ወደ ቦታ አሳይነት እንድመለስ፣ ለጋሽ በቀለ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ጻፉ። ልንወጣ ስንል ጠሩኝ።

“ቆይ እስቲ፤ አባትየው ደረሰባት እንዴ?”

“ደረሰባት ጓድ። በመስኮት አቀበላት።”

“ተይ!” አሉና ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። “እኔ እኮ ጨካኝ አባት መስሎኝ ስረግመው ነው የከረምኩት።”

በማግሥቱ ሾላ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ገበያተኛ እየሰማ፣ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ቺንጋውን፣ ምላጩን፣ “ማሽኑን ነው የማየው” ያልኳቸውን ጭምር። ጨርቁን አስቀመጡ።

“ነበረ በይኛ።”

“ነበረ ጋሽ ሰይድ። እትዬ ዘሃራም ‘ራሱ በሰበሰ’ ብለው ሲያለቅሱ በሩ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። አብሽሪ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ “ዛሬ ሂጂልኝ” አሉ። “ተቆጥቻለሁ። ሲበርድልኝ እመጣለሁ።” ጥፋቴ ስለሆነ ሄድኩ።

ለመምህር ታደሰም ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ በሦስተኛው እሑድ መጡ። መምህር ታደሰ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

“እኔ ስላላየሁት የለም ብዬ ደመደምኩ” አሉ። “ተማሪዬ እንዲህ ቢሠራ ዜሮ ነው የምሰጠው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ዐውፍ ብያለሁ፣ ተቀመጥ” አሉ ጋሽ ሰይድ። “እንግዲያው የባቡሩ አንደኛ ነው?”

“ሁለተኛ። ከነጃንጥላው ሁለተኛ።”

“አስካለ፣ ስሚኝማ ይሄን ሰውዬ!” አሉ ጋሽ ሰይድ። ወይዘሮ አስካለ ጠረጴዛውን መተየብ ጀመሩ፤ በረንዳው ተንጫጫ። ለእኔም ሻይ አዘዙልኝ።

የስድስት ወር ቅጣቴን ጨርሼ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ፣ ጋሽ በቀለ ጡረታ ሲወጡም ዋና ኦፕሬተር ሆንኩ። በሥሬ ለሠሩት ሁሉ የነገርኳቸው ይህን ነው። ፊልም ይቀደዳል፣ ቺንጋ ይወልቃል፤ ያለ ነገር ነው። የተቀደደ ቀን ግን ምን ያህል እንደጠፋና ምን እንደነበረበት በእጃችሁ ጻፉ። እኔ አንድ መስመር ባለመጻፌ አንድ ሰው ያየውን አላየሁም ብሎ ሊያምን ደርሶ ነበር።